ሳቁ የማን ነው?

ፊልም አልቆ መብራት ከበራ በኋላ ተመልካቹ የሚሰጠው አስተያየት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዐረፍተ ነገር አያልፍም። «ደስ ይላል»፤ «ሆዴ እስኪቆስል አሳቀኝ»፤ «ከልጆቼ ጋር ሳላፍር አየሁት»። ሐያስያን ይህን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ስለ ይዘትና ቅርጽ፣ ስለ ገጸ ባሕርያት አሣሣል፣ ስለ ግጭት አነሣሥና አፈታት አንዳች የማይናገር አስተያየት ለኪነ ጥበብ ዕድገት ምን ይፈይዳል? ይላሉ። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምሻው ይኸው የተናቀው ዐረፍተ ነገር ነው፤ በተለይም «ሳላፍር» የምትለዋ ቃል። ይህች ቃል ከሐያስያኑ መመዘኛዎች ከአብዛኞቹ ይልቅ ከበድ ያለ ጥያቄ ያረገዘች ይመስለኛል። ጥያቄው የኪነ ጥበብ ብቻ አይደለም፤ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

በመሠረቱ የምናገረው በዝቅተኛ ወጪ ስለ ተሠሩት፣ ዛሬም አሮጌ ስለምንላቸው አስቂኝ የቤተሰብ ፊልሞች ነው። የአገራችን ፊልም ከጥንስሱ ጀምሮ ከገንዘብ ጋር እየታገለ የመጣ ነው። «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም.፣ «ጉማ»ም ከዘጠኝ ዓመት ያህል በኋላ ለሕዝብ ሲቀርቡ ጥሬ ፊልሙ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነበር። የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን በ1970ዎቹ ማብቂያ ገደማ ተቋቋመ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይም ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ ሥራዎች ወደ ሲኒማ አዳራሾች ገቡ፤ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ለብዙዎቹ በር ከፋች ሆነ። ትንሽ ቆይቶም «የወንዶች ጉዳይ»ን የመሳሰሉት አስቂኝ ፊልሞች ረዣዥም የተመልካች ሰልፍ አዩ። በዚያ ሰልፍ ብርታት ተከታታዮቹ በዙ፤ አብዛኞቹም በአንድ ግቢ ውስጥ ተጀምረው በዚያው ግቢ የሚያልቁ የቤተሰብ ታሪኮች ነበሩ።

አሠራራቸውን ለሚያውቅ ሰው ድህነታቸው ከየትዕይንቱ ይነበባል። ታሪኩ ከግቢው የማይወጣው ሁለተኛ ግቢ ለመከራየት ገንዘብ ስለሌለ ነው። ሶፋው ከአዘጋጁ ዘመድ የተዋሱት፣ ልብሱ ተዋናዩ ከቤቱ ለብሶት የመጣው ነው። ድምፁ በባዶ ክፍል ውስጥ እንደሚጮኽ ሰው ያስተጋባል። ጥያቄው ጠዋት፣ መልሱ ከሰዓት በኋላ ስለ ተቀረጸ የተናጋሪዎቹ ጥላ በአንድ ትንፋሽ ከግራ ወደ ቀኝ ዘሎ ይገኛል። ተመልካቹ ይህን ሁሉ ያያል፤ አይቶም ያልፈዋል። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቻችን ይህንን የዕውቀት ማነስ አድርገው ይተረጉሙታል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። በሠርግ ቤት ዳሱ ቢያፈስ ደጋሹን የሚወቅስ የለም፤ ዝናቡን የላከው እርሱ አይደለምና። የሚወቀሰው እንግዳ ገብቶ ተዘንግቶ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ ከወጣ ነው። ተመልካቹም ፊልሙን የሚዳኘው በዚሁ በድግስ ቤት ሕግ ነው። እንግዲህ በዚህ ድግስ ላይ ተዘንግቶ የወጣ አለ ወይ? ብለን ብንጠይቅ አግባብ ይሆናል።

ጥያቄውን መሬት ለማስረገጥ ወደ ወረታ እንሂድ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የተቆረቆረች፣ በቻይናውያን እርዳታ የተሠራው የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድም የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋን ርብና ጉማራ በክረምት ገደባቸውን ጥሰው የሚተኙበት፣ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ አለ። ቴሌቪዥን በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን በእንደዚህ ዓይነቶቹ የመንገድ ዳር ከተሞች ፊልም የሚታየው በቪዲዮ ቤት ነበር፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮችና ብርሃን እንዳይገባ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት። ጥቂት ሳንቲም የከፈለ ሁሉ ይገባል፤ ተማሪው፣ የመኪና ረዳቱ፣ እህሉን ሸጦ ወደ መንደሩ ከመመለሱ በፊት ጥቂት ጊዜ ያገኘው ገበሬ። የህንድና የካራቴ ፊልሞች ንጉሥ በነበሩባት በዚያች ክፍል ውስጥ የአማርኛ አስቂኝ ፊልም ሲመጣ ሳቁ የተለየ ነበር። ሰው ቋንቋውን የሰማበት ሳቅ ነውና።

የአብዛኞቹ ቀልድ ግን ማን ነበር? ባላገሩ ነው። ከተማ ሲገባ መብራቱን በትንፋሹ ሊያጠፋ የሚሞክረው፣ በስልክ ሲያወራ የሚጮኸው፣ ወንበር ላይ መቀመጥ የሚጨንቀው ሰው ነው። ከባላገሩም ይልቅ ደጋግማ የምትመጣው ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ ናት፤ ከእርሷ ጎንም በረኛው። እዚህ ላይ የሙያ ጓደኞቼን ቅር የሚያሰኝ አንድ ነገር ልናገር። በመድረካችንና በፊልማችን «የባላገር አነጋገር» እያልን የምናሰማው የማንም ባላገር አነጋገር አይደለም። ከጎጃም አንድ ቃል፣ ከመንዝ አንድ ዜማ፣ ከወሎ አንድ ማሠሪያ አንሥተን የሰፋነው ድሪቶ ነው። የፎገራው ገበሬ ይህን ሰምቶ የሚስቀው ራሱን ስላወቀ ሳይሆን ራሱን ስላላየበት ሊሆን ይችላል፤ ከወንዝ ማዶ ያለ ሌላ ባላገር ይመስለዋል። ወንዝ ማዶ ያለውም እንደዚሁ። እንዲህ ሆኖ ሁሉም በሌላው ሲስቅ ሳቁ ባለቤት የሌለው ይሆናል።

ባላገሩ ስለ ራሱ የሚለው ካለ በቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ሆኖ ሊል ይችላል፤ ከፍሎ ገብቷልና። የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ከፎገራ ቀበሌዎች ወጥተው በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ በሰው ቤት የሚያገለግሉ ልጃገረዶች ብዙዎች ናቸው። ፊልሙ በበዓል ምሽት በቴሌቪዥን ይቀርባል። አባትና እናት ሶፋው ላይ፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ናቸው። እርሷ ከማድ ቤት በሚያስገባው በር አጠገብ፣ ረከቦቱ ጎን፣ ለመነሣት በሚያመች አኳኋን ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። በፊልሙ ውስጥ ደግሞ እንደ እርሷ ያለች ልጅ የሻይ ማንኪያና የሾርባ ማንኪያ አምታታ ትሰደባለች። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሲያልቅም አባትየው «ከቤተሰብ ጋር ሳያሳፍር የሚታይ ጨዋ ፊልም» ይላል።

ይህ ምስጋና ቀላል ምስጋና አለመሆኑን መካድ አይገባም። አባት ከሴት ልጁ ጋር ተቀምጦ ዓይኑን ሳይሰብር የሚያየው ሥራ መጻፍ ከባድ ነው፤ ሞክሮ ያየ ያውቀዋል። መሳሳም የለበትም፤ ስድቡም ነውር አልነካም፤ ልጆቹ የማይገባቸውን አልሰሙም። ነገር ግን «ሳያሳፍር» ሲባል ማንን? «ከቤተሰብ ጋር» ሲባልስ የቤተሰቡ ቁጥር ስንት ነው? በዚያች ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው ተቀምጦ አምስቱ ብቻ ተቆጥረው ይሆናል። ፊልሙ ያላሳፈረው የተቆጠሩትን ነው።

አሁን ከእነዚህ ፊልሞች መደበኛ ቀልዶች አንዱን ወስደን እንመርምር። አበዳሪ በሩን ያንኳኳል። ጌታው ከመጋረጃ ጀርባ እየተደበቀ ለሠራተኛዋ «የለም በያቸው» ይላታል። እርሷም በሩን ከፍታ «የለም በያቸው ብለውኛል» ትላለች። በዓለም ላይ በብዙ ቋንቋ የተነገረ፣ ያረጀ፣ አሁንም የማያረጅ ቀልድ ነው። በዚህ ቀልድ ውስጥ ሞኙ ማን ነው? የዋሸው ጌታው ነው። በቤቱ ውስጥ እውነት የተናገረች እርሷ ብቻ ናት፤ የተላከችውን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ አድርሳለች። ሰሙ የእርሷ ሞኝነት፣ ወርቁ የእርሱ ውሸት ነው። ይሁን እንጂ ተመልካቹ ወርቁን ማግኘት አለማግኘቱ የሚወሰነው ከቃሉ በኋላ በሚመጡት ሁለት ሰከንዶች ነው። ካሜራው ወደ ጌታው ቢዞርና እርሱ ግንባሩን ቢመታ፣ ሳቁ «አይ ገጠሬ!» ይሆናል። ካሜራው እርሷ ላይ ቢቆይና በዓይኗ ውስጥ አንዲት ጭላንጭል ብናይ፣ አውቃ ይሆን? ሳታውቅ? እያልን እንስቃለን፤ ሳቁም ወደ መጋረጃው ጀርባ ይሄዳል። ያው ቀልድ፣ ያው ቃል፣ ያው ተዋናይት፤ ወጪውም ያው ነው። በርካታዎቹ ፊልሞቻችን የመጀመሪያውን መረጡ። ይህንን ምርጫ በገንዘብ እጥረት ማሳበብ አይቻልም።

ስለ ሳቅ ሕግ ፎገራ ራሷ የምትመሰክረው አላት። አለቃ ገብረ ሐና በ1814 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ሜዳ ላይ፣ በናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ሊቅነታቸው ከቀልዳቸው በታች ተቀብሮ ቀረ እንጂ፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም ከእርሳቸው የመነጨ ነው፤ የዝማሜውንም ስልት የጣናን ሞገድና የደንገሉን መወዛወዝ ተመልክተው አወጡት ይባላል። ስለ ቀልዳቸው ሲነገር ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ የፍትሐ ነገሥት ችሎታቸውን ወድደው ቀልዳቸውን ግን እንዲተዉላቸው ጠየቁ የሚል ወግ አለ። ከሚነገሩላቸው ሁሉ የእርሳቸው የሆነውንና ያልሆነውን መለየት የማይቻል ነው፤ ሕዝቡ የወደደውን ቀልድ ሁሉ በእርሳቸው ስም ሲያስቀምጥ ኖሯልና። ለእኔ ነገር ግን ሕዝቡ በእርሳቸው ላይ ያወራው ይበልጣል። አለቃ በመንገድ ሲያልፉ አህዮች የምትነዳ ሴት አግኝተው «እንደምን ዋልሽ፣ የአህዮች እናት?» ሲሏት «ደኅና፣ ልጄ» ብላ መለሰችላቸው የሚል ወግ አለ። አገሪቱ ከሁሉ በላይ አሳቂ ብላ የምታከብራቸውን ሊቅ ባለ አህያዋ በአንዲት ቃል ጣለቻቸው። ሕዝቡም ይህንን አልደበቀውም፤ ከሌሎቹ እኩል፣ በዚያው በአለቃ ስም እያወራ ዛሬ ድረስ አደረሰው።

በዚህ ወግ ውስጥ አለቃ ሴትዮዋን ከመቀለድ አልተቆጠቡም። ጨዋነት ያዛቸውና ዝም አላሉም። ፍትሑ የሚገኘው ከቀልዱ በኋላ ለእርሷ ተራ በመድረሱ ላይ ነው። ቋንቋችን ይህንን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቀልድ፣ ፌዝ፣ ሹፈት፣ ለበጣ፣ ስላቅ፣ ተረብ እያልን የምንለያየው ያለ ነገር አይደለም። ተረብ መላሽ ይፈልጋል፤ መላሽ ያጣ ተረብ ወዲያው ስሙ ተለውጦ ስድብ ይሆናል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅቶች የታወቁት አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ጥንድ ጥንድ ሆነው መቅረባቸውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሁለት ሰውና ባዶ ወለል፤ ከዚህ የረከሰ ኪነ ጥበብ የለም፤ ነገር ግን አንዱ ሲናገር ሌላው መመለሱ አይቀርም።

የምዕራቡ ፈላስፎች በሳቅ ላይ ብዙ ጽፈዋል። እንግሊዛዊው ሆብስ በ1651 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሳቅን ከሌላው ሰው ጉድለት ጋር ራስን አስተያይቶ የሚመጣ ድንገተኛ የበላይነት ስሜት አድርጎ አየው። ፈረንሳዊው ቤርግሶን በ1900 እ.ኤ.አ. ስለ ሳቅ ባወጣው ድርሰቱ ደግሞ ሰው ለመሳቅ ለቅጽበት ያህል ልቡ መደንዘዝ አለበት አለ፤ ኅብረተሰቡም በሳቅ ግትሩን ሰው ያርመዋል ብሎ አስተማረ። ሁለቱም የጻፉት እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚያዩት ከሚስቀው ወገን ቆመው ነው። ሆብስ የሚስቀውን ኩራት፣ ቤርግሶን የሚስቀውን ኅብረተሰብ ጥቅም ይመረምራሉ። የሚሳቅበት ሰው በዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አብሮ ቢስቅስ? የበላይ የሆነው በማን ላይ ነው? የደነዘዘውስ የማን ልብ ነው? ከበሩ አጠገብ ያለችው ልጅ ስትስቅ የሁለቱም ትምህርት መንገድ ይጎድለዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ከእኛው ከተማርነው ወገን የሚመጣ ነው። ልጅቷ የምትስቀው ንቃተ ኅሊናዋ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው፤ ብትነቃ ኖሮ ታዝን ነበር፤ ስለዚህ እናንቃት ይላል። ይህን አነጋገር በየስብሰባው ለብዙ ዘመን ሰምተነዋል፤ ተናግረነዋልም። ይህ ግን እርሷን ሁለት ጊዜ ማዋረድ ነው። ፊልሙ ማንኪያ መለየት አትችልም አለ፤ እኛ ደግሞ ሳቋን መለየት አትችልም አልን። ምን እንዳሳቃት ማን ጠየቃት? ምናልባት የሳቀችው በእመቤቲቱ ቁጣ ነው፤ ያንን ቁጣ በየቀኑ ስለምታውቀው ተዋናይቷ እንዴት አድርጋ እንዳስመሰለችው አስገርሟት ነው። ምናልባት ጎረቤት የምትሠራውን ጓደኛዋን አስታውሷት ነው። ምናልባትም አምስቱ ሲስቁ ብቻዋን ዝም ማለት ስለሚያስገምት ነው። የመጨረሻው ሳቅ ከቀደሙት ሁለቱ ጋር በድምፅ አንድ ነው፤ በምንነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአሳቂዎቹ ወገን ነው። ሁሉን እየተጠነቀቅን እንዴት እንስቃለን? ባላገሩ አይነካ፣ ሠራተኛዋ አትነካ፣ በረኛው አይነካ ከተባለ የቀረን በአየር ሁኔታ ላይ መቀለድ ነው ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው፤ እኔም አስቂኝ ተውኔት ስጽፍ ተሰምቶኛል። መልሱን ግን ባለ አህያዋ ሰጥታዋለች። ማንም አይነካ አልተባለም። ይነካ፤ ነገር ግን አፉ አይታሰር። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» አስቂኝ ሥራ ነበር፤ በአውሬዎች አድርጎ የነካው ባለሥልጣኖቹን ነበር፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ተከለከለ። ኃይለኞች ሲሳቅባቸው መልስ አላቸው፤ መከልከያው በእጃቸው ነው። እንዲህ ያለ መልስ የሌለውን ሰው ለመንካት የሚነሣ ጸሐፊ ነው ተራውን በጽሑፉ ውስጥ ሊሰጠው የሚገባው።

መንግሥቱ ለማ ይህንን ያውቁ ነበር። በ1950ዎቹ በጻፏቸው በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ ሳቁ የሚዘንበው በተማረው ወጣት፣ በዘር ቆጣሪው ዘመድ፣ በአሮጌውም በአዲሱም ልማድ ላይ ነው። በ«ያላቻ ጋብቻ» ባሕር ማዶ የተማረ የባላባት ልጅና የቤት ሠራተኛው ይጋባሉ። ከበሩ አጠገብ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ወደ ሶፋው መጥታለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሠራተኛ የሚቀልድ ሰው ከዚህች ሴት ጋር ፊት ለፊት መገናኘት ግድ ይሆንበታል። ያ ተውኔት ከቀረበ ስድሳ ዓመት አልፏል። ፊልሞቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጅቷን መልሰው ወደ በሩ ወስደዋታል፤ ይህንን እንደ እድገት ልቆጥረው አልችልም።

ወደ ተመልካቹ አስተያየት እንመለስና፣ ሕዝብ የሚዳኘው በሚናገረው ብቻ ሳይሆን በሚያስታውሰውም ጭምር መሆኑን እናስብ። የእነዚህን ፊልሞች ስም የሚያስታውስን ሰው ታሪካቸውን ብትጠይቁት ያጣዋል። የፍቅረኛሞቹን ስም ረስቷል፤ ውርሱ ለማን እንደ ደረሰ ረስቷል። የሚያስታውሰው የሠራተኛዋን አካሄድ፣ የበረኛውን አመላለስ፣ ባላገሩ የተናገራትን አንዲት ቃል ነው። በጽሑፉ ውስጥ ጥቂት መስመር የተሰጣት ተዋናይት በፊቷና በትከሻዋ ሌላ ጽሑፍ ጨምራበት ኖሯል፤ ከጸሐፊው ያጣችውን ተራ በራሷ ጥበብ ወስዳዋለች። ተመልካቹም ያንን ለይቶ አስቀመጠ።

በፎገራ ይህ ዓይነቱ ለይቶ ማስቀመጥ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ድጋፍ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ተሞከረ። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ባለሙያዎቹም ወደ አገራቸው ሄዱ። ገበሬው ግን ከዚያ ሁሉ ዘሩን ለይቶ አስቀረ። ውኃ የሚተኛበትን መሬት ሰጠው፤ ከጤፍ ጋር ደባልቆ እንጀራ አደረገው፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለውን ዝርያ ከዓመት ወደ ዓመት አሸጋገረው። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በወረታ የተቋቋመው ገበሬው ከፈረደ በኋላ ነው። ማኅበሩን ሳይሆን ዘሩን መረጠ፤ የፊልም ተመልካቹም ታሪኩን ትቶ በረኛውን መረጠ። «ሕዝቡ የረከሰ ነገር ይወዳል» ብለው የሚያማርሩ የኪነ ጥበብ ሰዎች ከረከሰው ውስጥ የትኛውን እንደ ወደደው ቢጠይቁ ባልከፋ።

ይህ ሁሉ በአገራችን ብቻ የታጠረ ጉዳይ አይደለም። በየቪዲዮ ቤቱና በየቤቱ «ቡሽማን» እያልን ያየነው ፊልም የደቡብ አፍሪካው ጄሚ ዩይስ በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ከአውሮፕላን የተወረወረ የኮካ ኮላ ጠርሙስ በምድረ በዳ ከሚኖሩ ሰዎች መካከል ይወድቃል፤ ጠብ ያመጣል፤ አንዱ ሰው ወስዶ ከዓለም ዳርቻ ሊጥለው ይነሣል። በሆሊውድ ሚዛን ጥቂት በሚባል ገንዘብ ተሠርቶ በብዙ አገሮች የሲኒማ ቤቶችን አጨናነቀ። እኛም ከልጆቻችን ጋር ሳናፍር አየነው፤ ልጆቻችን የምላሱን ቀጭታ ለመምሰል ሲሞክሩ ሳቅን። ያን ጊዜ አፓርታይድ ሥልጣን ላይ ነበር። ፊልሙ ከዓለም ተለይቶ በገነት ይኖራል ያለው የሳን ሕዝብ ከመሬቱ እየተነቀለ ነበር፤ የደቡብ አፍሪካ ጦርም ለዱካ አነፍናፊነት ይመለምለው ነበር። በአሜሪካ ፊልሙ ሲታይ ተቃውሞ የወጡት ይህንን ያውቁ የነበሩ ናቸው።

ዋናው ሰውዬ ኒካው ይባላል፤ የናሚቢያ ሰው ነው። በፊልሙ ውስጥ በቋንቋው ይናገራል፤ ነገር ግን ምን እንዳለ፣ ምን እንዳሰበ፣ ለምን እንደ ተገረመ የሚነግረን ሌላ ሰው ነው፤ የማይታይ ተራኪ በተረጋጋ ድምፅ ስለ እርሱ ያወራል። አፉ እየተንቀሳቀሰ ተራው ተወስዶበታል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የእርሱን ፊት ነው፤ የነጩን ሳይንቲስትና የመምህርቷን ፍቅር የሚያስታውስ እምብዛም የለም። ለዚያ ፊልም የተከፈለው ጥቂት መቶ ዶላር እንደ ነበረ በሰፊው ተጽፏል። በ1989 እ.ኤ.አ. ለወጣው ለሁለተኛው ፊልም ግን እጅግ ከፍ ያለ ዋጋ ጠይቆ እንዳገኘ፣ በገንዘቡም ወደ አገሩ ተመልሶ የጡብ ቤት እንደ ሠራና ማሳውን እንዳረሰ ተዘግቧል። በ1995 ዓ.ም. ዐረፈ።

የመጀመሪያው ፊልም ዛሬም ይታያል፤ የወረታም ልጆች በስልክ ያዩታል። መምህራቸው ይህንን ፊልም አትዩ ማለት አይጠበቅበትም፤ ቢልም አይሰሙትም። ከፊልሙ አንዱን ትዕይንት ድምፁን አጥፍቶ ያሳያቸውና ተራኪው ዝም ቢል ኖሮ ይህ ሰው እዚህ ላይ ምን ይል እንደ ነበር ይጠይቃቸው። ቀጥሎም ያንን የአበዳሪና የመጋረጃ ቀልድ ይስጣቸው፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ልጅቷ ለጌታዋ የምትለውን አንድ መስመር ይጻፉ። ብዙዎቹ እኅት ወይም አክስት በሰው ቤት አለቻቸው።